የርዕሰ መምህሩ ወንበር የማን ነው?

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከአንዲት ግዛት፣ ከደቡብ ምዕራብ ሕንዷ ከኬረላ ነበር። ኬረላ ለራሷ ተርፋ ባሕር ማዶ ድረስ መምህር ልትልክ የቻለችው ትምህርትን ለመንግሥት ብቻ ስላልተወችው ነው። ከትራቫንኮርና ከኮቺን ማሃራጃዎች ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን አብያተ ክርስቲያናት፣ የሙስሊም ማኅበራትና የሂንዱ ማኅበረሰቦች በየፊናቸው ገንዘብ አዋጥተውና መሬት ለግሰው ትምህርት ቤት ሲያንጹ ኖረዋል። ስለዚህም አንድ ከባድ የሕግ ጥያቄ ከሌላው የሕንድ ክፍል ይልቅ በዚህች ግዛት ደጋግሞ ተነሣ። በቁጥር አናሳ የሆነ ማኅበረሰብ ባቋቋመው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩን የሚመርጠው ማን ነው? የሕንድ ፍርድ ቤቶች ለዚህ ጥያቄ በብዙ ዓመታት ክርክር ያበጁት መልስ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ መመዘኛውን መንግሥት ያውጣ፣ መመዘኛውን ካሟሉት መካከል ሰውየውን ግን ማኅበረሰቡ ይምረጥ።

የነገሩ ሥር የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጃንዋሪ 26 ቀን 1950 ጀምሮ የጸናው ይህ አንቀጽ በሃይማኖት ወይም በቋንቋ አናሳ የሆኑ ሁሉ የመረጡትን የትምህርት ተቋም የማቋቋምና የማስተዳደር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መንግሥት ድጎማ ሲሰጥም፣ ተቋሙ በአናሳዎች ስለሚተዳደር ብቻ እንዳያዳላ ይከለክላል። አንቀጹ የተረቀቀው ክፍለ አህጉሩ ለሁለት ተከፍሎ ደም በፈሰሰ ማግስት ነው። ለሃይማኖት አናሳዎች በምክር ቤት መቀመጫ ይያዝላቸው የሚለው ሐሳብ በ1949 በሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ ሲቀር፣ የትምህርቱ መብት ግን ሳይነካ ቆየ። ማኅበረሰቦቹ የፖለቲካውን ዋስትና ትተው ልጆቻቸውን በራሳቸው መንፈስ የማሳደግን ዋስትና ይዘው ወደ አዲሱ ሪፐብሊክ ገቡ። ስለዚህ አንቀጽ 30 የአብሮ መኖር ውል አካል እንጂ ችሮታ አይደለም፤ ሲተረጎምም እንደ ውል ሊከበር ይገባዋል።

ውሉ ሰባት ዓመት ቆይቶ ተፈተነ። በ1957 በኬረላ ምርጫ አሸንፎ ሥልጣን የያዘው፣ በኢ.ኤም.ኤስ. ናምቡዲሪፓድ የሚመራው የኮሚኒስት መንግሥት የትምህርት ረቂቅ ሕግ አቀረበ። የረቂቁ ባለቤት የትምህርት ሚኒስትሩ ጆሴፍ ሙንዳሴሪ ከክርስቲያን ቤተሰብ የተወለዱና በትሪሱር ቅዱስ ቶማስ ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ነበሩ። ረቂቁ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በግል ትምህርት ቤቶች የመምህሩ ደመወዝ ትንሽ፣ እንጀራውም በአስተዳዳሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ደመወዙ በመንግሥት በኩል እንዲከፈል መደረጉ ለመምህሩ እፎይታ ነው። ረቂቁ ግን በዚህ አላበቃም። ድጎማ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች መምህራንን የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ካዘጋጀው ዝርዝር ብቻ እንዲቀጥሩ አዘዘ፤ መንግሥትም አስተዳደራቸውን ሊረከብ እንዲችል ሥልጣን ሰጠ። ከ14.2 ሚሊዮን የግዛቲቱ ነዋሪዎች 3.4 ሚሊዮኑ ክርስቲያኖች፣ 2.5 ሚሊዮኑ ሙስሊሞች ነበሩና ሥጋቱ የጥቂቶች ብቻ አልነበረም። ተቃውሞው ወደ አደባባይ ወጥቶ፣ የሂንዱ ናይር ማኅበረሰብን መሪ ማናቱ ፓድማናብሃንን ጭምር አሰልፎ፣ በጁላይ 31 ቀን 1959 የማዕከላዊው መንግሥት የኬረላን መንግሥት እስከ ማሰናበት አደረሰ።

ለታሪክ የተረፈው ግን ከአደባባዩ ትርምስ ይልቅ የፍርድ ቤቱ ቃል ነው። ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት መርተውት ሰባት ዳኞች በሜይ 22 ቀን 1958 ሕጋዊ አስተያየታቸውን ሰጡ። የማስተዳደር መብት ማለት አስተዳደርን የማበላሸት መብት አይደለም፤ መንግሥት የትምህርት ጥራትና የመምህራን ደኅንነት እንዲጠበቅ ደንብ ማውጣት ይችላል። ይሁን እንጂ ድጎማን መያዣ አድርጎ መብቱን ከነነፍሱ መውሰድ አይችልም። ስለዚህ አስተዳደር መረከብን የሚፈቅዱት ድንጋጌዎች በአናሳ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ላይ ሊሠሩ እንደማይችሉ ተወሰነ። የመምህራን ምርጫውን ድንጋጌ ግን ዳኞቹ ወሰኑ ጠርዝ ላይ የቆመ ነው ብለው እየሠጉም ቢሆን ለደንብነት አሳለፉት። የኋላው ዘመን ፍርድ ያረመው ይህንኑ ነው። በ1970 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኬረላን የዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲመረምር አስተዳደርን ከመሥራቾቹ እጅ አውጥተው ለሌላ አካል የሚሰጡትን ክፍሎች ሻረ። በ1974 ዘጠኝ ዳኞች በአሕመዳባድ የቅዱስ ዣቪየር ኮሌጅ ጉዳይ ላይ ተሰይመው፣ በርዕሰ መምህር ምርጫ ኮሚቴ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር የሚወክሉት ሰው ይግባ የሚለው ሕግ በአናሳዎች ኮሌጅ ላይ አይሠራም ሲሉ በአብላጫ ድምፅ ወሰኑ። ክርክሩ እያደር ጠርቶ ወደ አንድ ወንበር ተሰበሰበ።

ስለምን ወደዚያ ወንበር? ርዕሰ መምህር እንደ ንብ አውራ ነው፤ ቀፎው ምንም ያህል ቢያምር አውራው ሌላ ከሆነ መንጋው አይረጋም። የጠዋቱ ሰልፍ፣ የሥነ ሥርዓቱ ልክ፣ የወላጅ አቀባበል፣ የድሃው ልጅ ዕድል፣ የበዓሉ አከባበር ሁሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን በ1960ዎቹ አጋማሽ ተገንዝቦ፣ የትምህርት ቤት ቃናና ጠባይ በርዕሰ መምህሩ ዙሪያ እንደሚሽከረከር ገልጿል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1998 ኤምጄይ በተባለው የኬረላ የሙስሊሞች ትምህርት ቤት ጉዳይ አጸናው። በአገልግሎት ዘመን ቀደምት የነበሩት መምህር ታልፈው ሌላ ሰው በመሾሙ ክስ ቀርቦ ነበር። ፍርዱ መመዘኛና የሥራ ሁኔታ ከመወሰን አልፎ በምርጫው ውስጥ መግባት የመንግሥት ሥልጣን አይደለም አለ። ትምህርት ቤቱ የአናሳ ማኅበረሰብ ነው የሚለው የመንግሥት ማረጋገጫም ቀድሞ የነበረውን እውነት ይመሰክራል እንጂ መብቱን እንደማይፈጥር ተናገረ። በ2006 በማላንካራ ሶርያ ካቶሊክ ኮሌጅ ጉዳይ የዩኒቨርሲቲው ሕግ የሚያዝዘው የቅድምና ደንብ እንደማያስገድድ፣ ድጎማ መቀበልም ይህን እንደማይለውጥ ተወሰነ። የትምህርቱን ይዘት፣ ፈተናውንና የሕንፃውን ደረጃ መንግሥት ሊወስን ይችላል፤ የቀረችው የመሥራቾቹ አሻራ ይህች ምርጫ ናት። እርሷ ከተወሰደች በበሩ ላይ ከተሰቀለው ስም በቀር የሚተርፋቸው የለም።

ዋናው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍል ሠራተኛውን ይምረጥ ይላሉ። ቃሉ ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ ግን የገንዘቡን ምንጭ ይዘነጋል። ግብሩን የሚከፍሉት አናሳዎቹም ናቸው። ገንዘቡም የሚውለው መንግሥት በወሰነው ሥርዓተ ትምህርት ለሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ያ ትምህርት ቤት ባይኖር መንግሥት ራሱ ሊሠራው ይገደድ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መሠረት ድጎማ የሚቀበል ተቋም በሃይማኖት ወይም በዘር ምክንያት ብቻ ተማሪ ሊመልስ አይችልም፤ ስለዚህ የድጎማው ተጠቃሚ የአንድ እምነት ልጅ ብቻ አይደለም። ድጎማ የሒሳብ ምርመራን፣ ጥራትንና ለመምህራን ተገቢ ክፍያን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው። ወንበሩን ለመግዛት ግን አይበቃም፤ መብት ተሽጦ የሚገኝ ድጎማ መብትን ለሀብታም ማኅበረሰቦች ብቻ የሚያስቀር ይሆናልና።

ከዚህ የሚከብደው የታለፉት መምህር አቤቱታ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ከእርሱ በኋላ የመጣ ሲሾምበት ቅር ቢሰኝ ማን ይፈርድበታል? የቅድምና ደንብ ዝምድናንና ጉቦን ለመከላከል የተበጀ ጋሻ መሆኑም አይካድም። ነገር ግን ቅድምና የሚለካው ዓመትን ነው፤ ትምህርት ቤቱን በመሥራቾቹ መንፈስ የመምራትን ችሎታ አይለካም። ሕጉም መምህሩን ሜዳ ላይ አልተወውም። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዴልሂ ፍራንክ አንቶኒ ትምህርት ቤት ሠራተኞች አቤቱታ ላይ፣ ያለ ድጎማ የሚሠሩ የአናሳዎች ትምህርት ቤቶችም ለመምህራኖቻቸው ከመንግሥት ትምህርት ቤት እኩል እንዲከፍሉ ማስገደድ መብቱን አይነካም ሲል ወስኗል። በ2002 አሥራ አንድ ዳኞች የተሰየሙበት ታላቅ ፍርድም የመምህራን አቤቱታ በየአውራጃው በዳኛ በሚመራ ልዩ ችሎት እንዲታይ አሳስቧል። የመብቱ ድንበር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። መሪን መምረጥ የማኅበረሰቡ ነው፤ ሠራተኛን ማስራብ፣ ማንገላታት ወይም ያለ ምክንያት ማባረር የማንም መብት አይደለም።

ሌላው ጥያቄ የእኩልነት ነው፤ ለአናሳው የተፈቀደ ለብዙኃኑ ለምን ይከለከላል? በ1933 አልባኒያ የግል ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘግታ፣ እገዳው ሁሉንም እኩል ስለሚመለከት የግሪክ ተወላጆች አልተበደሉም ብላ ተከራክራ ነበር። የዓለም አቀፍ ፍትሕ ቋሚ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 6 ቀን 1935 ክርክሩን ሳይቀበለው ቀረ። የብዙኃኑ ልጅ የራሱን ቋንቋና ባህል በመንግሥት ትምህርት ቤት ያገኘዋል፤ የአናሳው ልጅ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ምንም አይቀረውም። በወረቀት እኩል የሆነ ደንብ በኑሮ እኩል አይደለም። በሕንድም መብቱ የአንድ ሃይማኖት ርስት እንዳልሆነ በ1971 ታይቷል። በፑንጃብ የሂንዱ ወገን የሆነው የአርያ ሰማጅ ማኅበር ኮሌጆች በዚያ ግዛት አናሳ ናቸው ተብለው፣ የመምህራን ቅጥራቸው በዩኒቨርሲቲው እንዲጸድቅ የሚያዘው ደንብ ተሽሮላቸዋል። ዛሬ በአንዱ ቦታ ብዙ የሆነ ነገ በሌላው ጥቂት ነው፤ አንቀጽ 30 ጋሻ የሚሆነው በዚያ ስፍራ ለሚያንሰው ሁሉ ነው።

የቅርቡ ፍርድ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዘንብሏል። በጃንዋሪ 2020 ሁለት ዳኞች የምዕራብ ቤንጋል የመድረሳ አገልግሎት ኮሚሽን ሕግን አጽንተው፣ ድጎማ ለሚያገኙ መድረሳዎች መምህራንን ኮሚሽኑ ቢመርጥ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አሉ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ የኮሚሽኑ አባላት የእስልምናን ባህል የሚያውቁ መሆናቸው ነበር። ለችሎታ ያላቸው ጭንቀት ክቡር ነው፤ ደካማ መምህር የሚጎዳው አስቀድሞ የማኅበረሰቡን ልጆች ነውና። ሆኖም ባህልን ማወቅና በባህሉ ባለቤቶች መታመን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚያስፈልገው ችሎታ ከሆነ መመዘኛውን ከፍ ማድረግ፣ ብቃትን በፈተና ማረጋገጥና ያለፉትን ስም ማውጣት ይበቃል፤ ከእነርሱ መካከል የሚመርጠው እጅ ግን የማኅበረሰቡ መሆን አለበት። ኮሚሽን ዛሬ በበጎ ፈቃድ ቢመርጥ፣ ነገ መንግሥት ሲለወጥ በጎ ፈቃዱም ሊለወጥ ይችላል። ሕገ መንግሥታዊ ዋስትና ያስፈለገውም ለዚያ ቀን ነው።

ሙንዳሴሪ ያዩት ችግር እውነተኛ ነበር፤ ያዘዙት መድኃኒት ግን ከበሽታው አልፎ ጤናማውን አካል የሚቆርጥ ሆነ። የተበደለው መምህር ደመወዙ እንዲከፈለውና ያለ ሕግ እንዳይባረር መደረጉ ተገቢ ነው፤ ለዚያ ሲባል ትምህርት ቤቱን ከመሥራቾቹ እጅ ማውጣት አያስፈልግም ነበር። በሌላ በኩል መብቱን በፍርድ ቤት ያስከበሩ ማኅበረሰቦችም ዕዳ አለባቸው። ፍርድ ቤቱ ለምን ይህን ሰው መረጣችሁ ብሎ አይጠይቃቸው ይሆናል፤ የታለፈው መምህርና ልጆቻቸውን የሚልኩት ወላጆች ግን መጠየቅ ይገባቸዋል። የምርጫውን ሥርዓት አስቀድሞ የጻፈ፣ ክፍት ቦታውን በይፋ ያስታወቀ፣ የመረጠበትንም ምክንያት በመምህራኑ ፊት የሚያስረዳ ማኅበረሰብ አንቀጽ 30ን ከማንኛውም ጠበቃ በተሻለ ይከላከልለታል። እንዲህ ካላደረገ ቀጣዩን የኮሚሽን ሕግ ራሱ ጠርቶ ያመጣዋል።