ጫካ ነው የሚወስዱት

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነበር። አረቅጥ፣ አያቴ ቤት፣ እሳት ዳር ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ። ውጭ የበልግ ዝናብ ይጥላል፤ ጉመር ደጋ ስለሆነ እንዲህ ሲዘንብ ከእሳቱ የሚርቅ ሰው የለም። የማነበው የኬንያውን ዜና ነው። ማሊንዲ አጠገብ ሻካሆላ በሚባል ጫካ ፖሊስ መቃብር እየቆፈረ አስከሬን ያወጣል። ፖል ማኬንዚ የሚባል ሰባኪ ፈጣሪያቸውን ለማግኘት በረሃብ እንዲሞቱ ተከታዮቹን አስተምሯል ተብሎ ተይዟል። የሟቾቹ ቁጥር በኋላ ከ400 አለፈ፤ ብዙ ሕጻናት አሉበት።

አያቴ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ፊቴ ተለዋውጦ ነበር መሰለኝ። ነገርኳት።

«ጫካ ውስጥ?» አለች።

«አዎ፣ ጫካ ውስጥ።»

እሳቱን ቆሰቆሰች። «ጫካ ነው የሚወስዱት» አለች። «እኛንም ጫካ ነው የወሰዱን።»

ይህን እስክትል ድረስ ስለ ልጅነቷ የማውቀው እንሰት መፋቅና ውኃ መቅዳት ብቻ ነበር። ደሟሚት የሚለውን ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ለምን ፊቴ እንደተለዋወጠ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የቀረው ጽሑፍ አይገባችሁም። ካምፓስ ሳለሁ ሁለት ዓመት ተኩል አንድ የጸሎት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ስሙን አልጠራም፤ ትንሽ ነው፣ ምናልባት አሁን ፈርሷል። መሪያችን ከማን ጋር ቴክስት እንደምንጻጻፍ ያውቃል። የታመመ ሰው ኃጢአት ደብቋል ይባላል። የመስቀል በዓል ዓለማዊ ነው ስለተባለ ሁለት መስቀል አገር ቤት ሳልገባ ቀረሁ። ጉራጌ የሆነ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለሌሎቻችሁ፦ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከየትም ያለ ልጅ ተሳፍሮ የሚገባበት ቀን ነው፤ የቀረ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሞቷል። እኔ ደህና ሆኜ ቀረሁ።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ። በሰባት ቤት ጉራጌ ክርስትናና እስልምና ሳይስፋፉ በፊትም፣ ከተስፋፉም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሦስት ኃይሎች ይመለኩ ነበር። ዋቅ የሰማይና የጦርነት ነው፣ የወንዶች። ቦዠ የመብረቅ ነው፤ ሌባንና ሐሰተኛን በእሳት ይቀጣል ተብሎ ይፈራል። ደሟሚት የሴቶች ናት። ምወየት የሚባሉት ለእሷ የተሰጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ከትዳር በፊት ከሰው ተለይተው ይቆያሉ፣ ሥርዓቱን ይማራሉ፣ ሌላው ሰው የማይሰማው ቋንቋ ይማራሉ።

አስተማሪዎቹ ደግሞ በጊዜው ፉጋ የሚባሉት ነበሩ። ዛሬ ቃሉ ስድብ ሆኗል፤ እኔም እዚህ የምጽፈው ታሪኩ ስለሚጠይቀው ብቻ ነው። እንጨት ሠሪዎች ናቸው፤ የጉራጌ ቤት ያለ እነሱ እጅ አይቆምም። ግን መሬት አይዙም፣ እንሰት አይተክሉም፤ አፈሩን ከነኩት ፍሬው ይጠፋል ይባል ነበር። ነገሩን አስቡት፦ እርሻህ እንዳይገባ የከለከልከውን ሰው ልጅህን ለጣኦት እንዲያዘጋጅ ትልክለታለህ። እኔ እስካሁን ይህ አልዋጥልኝ ብሏል።

ዊልያም ሻክ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቸሃ ውስጥ ኖሮ ስለዚህ ሁሉ አጥንቷል፤ መጽሐፉ በ1966 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. የምወየቶቹን ቋንቋ መዝግቦ አሳተመ። ይኸው ሌስላው የአዝማሪዎችንና የዛር ሰዎችንም የምስጢር ንግግር ያጠና ነው። አያቴ ቸሃ ተወልዳ ጉመር ያገባች ናት፤ ሻክ እዚያ በነበረበት ዘመን እሷ ገና ልጅ ነበረች። ምናልባት በአንድ ጀፎረ ላይ ተላልፈው ይሆናል። እሱ የጻፈው ግን ሥርዓቱ ቆሞ ሳለ ነው። እኔ የፈለግኩት ትቶ የወጣ ሰው ምን እንደሚል ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ላይብረሪ አያስፈልገኝም፣ ቡና ማፍላት ብቻ ነው።

ቡናው ላይ ጎረቤታችን ነበሩ። እሳቸውም ከአያቴ ጋር እኩያ ናቸው፣ እሳቸውም ምወየት ነበሩ። አያቴ ስታገባ ተጠምቃለች፤ እሳቸው ሰልመዋል። ስልሳ ዓመት ቡና ሲጠጡ ስለዚህ ነገር አንዴም በግልጽ አውርተው አያውቁም። አሁን ግን ተከፈተ።

አያቴ የነገረችኝ እንዲህ ነው። ከእናቷ ሲለዩዋት አለቀሰች፤ እናቷ ግን አላለቀሰችም፣ እናቷም አልፋበታለችና። ሌላ ስም ተሰጣት። ያየችውን ብትናገር ደሟሚት ታሳብዳታለች ተባለች። «ማንም አልመታኝም» አለች። «መምታት ምን ያደርጋል? እኔው ራሴን እጠብቅ ነበር። ሌሊት በህልሜ እንዳልናገር እፈራለሁ። እህቴ አጠገቤ ስትተኛ አፌን በነጠላ እሸፍናለሁ።»

እኔ ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ዶርም ውስጥ የቴሌግራም መልእክቶቼን ማንም ሳያዘኝ አጠፋ ነበር።

ቀጥላ ስለ ቦዠ አወራች፤ ትምህርቱን የምትተችበትም ቦታ ይኸው ነው። ልጅ ሳለች መብረቅ የአንድ ደግ ጎረቤታቸውን ላሞች ገደለ። ሰውየው ምን እንዳጠፋ መንደሩ ሁሉ ይፈልግ ጀመር። አላገኘም። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ከብዙ ዓመት በፊት የማለውን አንድ መሐላ አስታወሰና «ይኼ ይሆናል» ብሎ ካሳ አቀረበ። «አየሽ፣» አለች፣ «መብረቁ ከመታሽ ጥፋተኛ ነሽ። ካልመታሽ ደግሞ ግብር ስለከፈልሽ ነው። እሺ፣ ትምህርቱ የሚሳሳትበት ቀን መቼ ነው? የለም። እኔ የነቃሁት በዚያ ነው። የማይሳሳት ነገር አይቼ አላውቅም፤ ባሌ እንኳ ይሳሳታል።»

ደገኛ ሰው ስለ መብረቅ እንዲህ ሲናገር ቀላል አይደለም። እዚህ ክረምት ሲገባ ሰማዩ ከቤት ጣራ በላይ ነው የሚፈነዳው።

ጎረቤታችን ግን አልተስማሙም። «አንቺ ጥሩ ባል ደረሰሽ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የራሳቸውን ነገሩኝ። የመጀመሪያ ባላቸው ይመታቸው ነበር። አንድ ቀን ዱላ ሲያነሳባቸው የተማሩትን ቋንቋ መናገር ጀመሩ፤ አማርኛም ጉራጊኛም አልመልስ አሉ። ሮጠው ጫካ ገቡ። የመንደሩ ምወየቶች ሁሉ ሥራ ጥለው ተከተሏቸው። ቆጮ የሚጋግር ጠፋ፣ ልጅ የሚይዝ ጠፋ። ደሟሚት የተበደለች ነው የሚባለው፣ እሳቸው አይደሉም፤ ስለዚህ ማንም ሽማግሌ «ባልሽ ነው፣ ቻይው» ሊላቸው አልቻለም። ባልየው ሴቶቹን ሁሉ አብልቶ፣ ካሳ ከፍሎ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ አልነካቸውም።

«ታዲያ ይኼን ያደረገልኝ ማነው?» አሉ። «መስጊዱ ያን ጊዜ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ወልቂጤ ነው። አባቴ መልሶ ይልከኛል።»

ይህ ማጋነን እንዳይመስላችሁ የዘመኑን ሕግ አስታውሱ። አንቂት የሚባል እርግማን ነበር፤ ባሏ ያልለቀቃት ሴት ጥላው ብትወጣ እንኳ ሌላ ማግባት አትችልም። የቃቄ ወርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የተከራከረችው ይህንኑ በመቃወም ነው፤ ቲያትር ሆኖ ያያችሁት ታውቃላችሁ። በሸንጎው ሴት ድምፅ ባልነበራት አገር፣ ጫካው ውስጥ ግን ወንዶች የሚፈሩት ድምፅ ነበራት። የማይተረጎም ቢሆንም ድምፅ ነው።

እኔ ይህን ስሰማ ተናደድኩ፣ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ሳስበው የተናደድኩት እሳቸው ልክ ስለነበሩ ነው። የእኔም ቡድን አንደኛ ዓመት ሳለሁ፣ ገንዘብ ያለቀብኝ ጊዜ አብልቶኛል። ስታመም ተራ ገብተው አስታመውኛል። ስወጣ ያጣሁት ፍርሃቱን ብቻ አይደለም። ይህን ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ፤ ከወጣህ በኋላ «ጥሩም ነበር» ካልክ ሰው ገና አልነቃም ይልሃል።

ሥርዓቱ የሞተበት መንገድ ብዙ አያስወራም። ሚሲዮኖች፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሼሆች፣ ትምህርት ቤት፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገድ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወሰዱ። በ1967 ዓ.ም. የዘመቻ ተማሪዎችና የመሬት አዋጁ መጡ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አያቴ ፊደል ቆጠረች። እሷን የሚያስቆጫት ግን ሌላ ነው። «ስጠመቅ ስም ቀየሩልኝ። ሦስተኛ ስሜ መሆኑ ነው። ያኛውን ተይው አሉኝ፣ ተውኩ። ምን ነበር ያስተማሩሽ፣ ምኑ ነው ያስፈራሽ፣ ምኑን ነው የምትወጂው የነበረው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከአንዱ ቤት ወጥቼ ሌላው ቤት ገባሁ፣ በረንዳ ላይ አላሳረፉኝም።»

ሮበርት ሊፍተን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከቻይና «የአስተሳሰብ ተሃድሶ» የወጡ ሰዎችን አነጋግሮ በ1961 መጽሐፍ አሳተመ። ሰውን ሙሉ በሙሉ የሚቆጣጠር ቡድን መለያዎች ብሎ ከዘረዘራቸው ስምንት ነገሮች አንዱ ቋንቋ ነው፦ ቡድኑ የራሱን ቃላት ይሰጥሃል፣ ከዚያ በእነዚያ ቃላት ብቻ ታስባለህ። ካነበብኩት ሁሉ እኔን የገለጸኝ ይህ ነው። ከወጣሁ በኋላ እንኳ ድካሜን «ደረቅሁ» እል ነበር፤ እንቅልፍ እንዳጣሁ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ስለ ጎረቤታችን ግን ሊፍተን ምን እንደሚል አላውቅም። ያ ቋንቋ አስሯቸዋልም፣ ከዱላም አስጥሏቸዋል።

ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ አያቴ ድንገት «መስቀል ሁለት ዓመት ያልመጣሽው ለዚያ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታምመሻል ብዬ ነበር» አለችና ስኒውን ሰጠችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ከዚያ ደፈር ብዬ ቋንቋውን እንዲያሰሙኝ ጠየቅኩ። ስልኬን ሪከርድ ላይ አደረግኩት። ሁለቱም ስልኩን አዩት፣ ተያዩ፣ አያቴ ራሷን ነቀነቀች። መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለች፤ አጭር ነው፣ ጉራጊኛ ይመስላል ግን አይደለም። ጎረቤታችን ጆሯቸውን አቅርበው ሰሙ።

«እንደዚያ አይደለም የሚባለው» አሏትና አረሟት። ከዚያ ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።