ብስጭት ነው!

እናቴ ወንድሟን ከቀበረች በኋላ ጉንፋን አልለቅ አላት። ጎረቤቶች «ብስጭት ነው» ሲሉ እኔ የተማርኩት ሳቅሁ። «ጉንፋን ይጋባል» ብዬም ቡና አጣጮቿን ከለከልኩ።

ሐንስ ሰልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ከሞንትሪያል የጻፈውን አውቄ ቢሆን ኖሮ ባልሳቅሁ። አይጦቹን ብርድ ቢያስመታቸው፣ ከአቅማቸው በላይ ቢያደክማቸው፣ መርዝ ቢወጋቸው ውጤቱ ያው ሆነበት፦ ጨጓራቸው ቆሰለ፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ አበጠ፤ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት የሚሠለጥኑበት ታይመስ ሟሸሸ። መከራው ልዩ ልዩ፣ የሰውነት ጩኸት ግን አንድ!

«ይኼማ የአይጥ ነው» እንዳትሉኝ። ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት 394 ጤነኛ ፈቃደኞች አፍንጫ ውስጥ ቫይረስ ጨመሩ። ጭንቀት የበዛበት ይበልጥ ታመመ። በ1997 ደግሞ 276 ሰዎችን ፈትነው፣ ከብዙ ዓይነት ሰው ጋር የሚገናኘውን ጉንፋኑ ብዙም እንደማይደፍረው አሳዩ።

እንግዲህ የእናቴን መድኃኒት ከደጅ የመለስኩት እኔው ነኝ። ይቅርታ እንዳልጠይቃት ዛሬ የለችም። ጎረቤቶቿን ግን ጠየቅኋቸው። «ኧረ ተወው ልጄ፣ ቡናህን ጠጣ» አሉኝ።