ምሥጢርና እፍረት፦ የብርታት መድኃኒት ንግድ በምሥራቅ አዲስ አበባ

ከቦሌ መንገድ ተነሥቶ በገርጂና በጉርድ ሾላ በኩል እስከ ሲኤምሲና አያት በሚዘልቀው የአዲስ አበባ ክፍል፣ የደከመን ሰውነት አበረታለሁ የሚል ንግድ በየመንገዱ ይታያል። በፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ ከውጭ የመጡ የቫይታሚንና የማዕድን እንክብሎች ይደረደራሉ፤ የባህል መድኃኒት ቤቶች ኪንታሮትን፣ አስምን፣ የስኳር በሽታንና ስንፈተ ወሲብን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ደጃቸው ላይ ያቆማሉ። እዚህ ላይ «የብርታት መድኃኒት» የተባለው አንድን ተለይቶ የታወቀ በሽታ ለማዳን ሳይሆን የአቅም ማነስን፣ የመንፈስ መዛልንና የወንድነት ድካምን አስወግዶ የቀድሞውን ጉልበት እመልሳለሁ በሚል ተስፋ የሚሸጥ ነገር ነው። ይህ ንግድ ለከተማው አዲስ ቢመስልም ሁለት የቆዩ ሥሮች አሉት፤ አንዱ ከአገር ቤት የደብተራ ዕውቀት፣ ሌላው በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓና አሜሪካን ካጥለቀለቀው የእንክብል ገበያ ይመዘዛል።

በአገሬው ልማድ ተራ ድካም የሚታከመው በማጀት ነው። ለአራስ አጥሚትና ገንፎ ይቀርባል፤ ከበሽታ ላገገመም አብሽ፣ ተልባ፣ ማርና ቅቤ ይሰጣል፤ ይህን ለማወቅ አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም። ምክንያቱ ያልታወቀ መዛል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድንጋጤና ፍርሃት፣ በተለይም ሙሽራ በጫጉላው የሚገጥመው ድካም ግን ከዛር፣ ከቡዳ፣ ከዐይነ ጥላ ወይም ከመተት ጋር ይያያዝ ስለነበር፣ ታማሚው የሚሄደው ወደ ደብተራ፣ ማለትም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሮ ከዜማውና ከቅኔው ጎን የዕፅዋትንና የአስማትን ጥበብ ወደያዘ ሰው ነበር። ደብተራው እንደ ሕመሙ ጠባይ ሥር ቀጥቅጦ በማር ለውሶ ይሰጣል፣ ወይም በታማሚው የክርስትና ስም ክታብ ይጽፋል፤ ክታብ በብራና ጥቅል ላይ ጸሎትና ሥዕል ተጽፎበትና ተሥሎበት በአንገት የሚንጠለጠል ወይም ከቤት የሚሰቀል ሲሆን፣ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲተካከል የሚደረግበት ጊዜም ነበር። የመድኃኒቱ አሠራር በመጽሐፈ መድኃኒት ተመዝግቦ ይገኛል፤ ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ማሳተሙ፣ ከእርሱም በኋላ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትረልሲን በኢትዮጵያ የሕክምና ጽሑፎች ላይ ለዓመታት መሥራቱ፣ ይህ ዕውቀት ተራ ወሬ ሳይሆን የራሱ ሥርዓትና ጽሑፍ ያለው መሆኑን ያስረዳል።

ዕውቀቱ ሲተላለፍ ግን የሚሄደው ከአባት ወደ ተመረጠ ልጅ ወይም ወደ ታመነ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ባለቤቱ የሥሩን ስም ለማንም አይነግርም። ይህ ምሥጢራዊነት በሁሉም የአገሩ መድኃኒት ላይ ግን አልነበረም። ኮሶን ያህል ውጤቱ የታወቀ መድኃኒት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ትሉን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ያህል ይጠጣ የነበረው የዚህ ዛፍ አበባ ስሙም፣ ዛፉም፣ አጠጣጡም በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነበር። ጠጪው ትሉ መውጣቱን በዐይኑ ስለሚያይ ኮሶን ለመሸጥ የተስፋ ቃል መደርደር አላስፈለገም። የብርታት መድኃኒት ጠባይ ከዚህ ይለያል፤ ብርታት አይታይም፣ አይለካም፣ አንዳንዴም ሰው መድኃኒት ወስጃለሁ ብሎ በማመኑ ብቻ ይመለሳል፤ ስለዚህ ገዢው የሚገዛው በዋናነት ቃልን ነው።

ይህን ቃል በፋብሪካ ደረጃ ያመረቱት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበሩ ነጋዴዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1869 የኒውዮርኩ ሐኪም ጆርጅ ቢርድ «ኒውራስቴኒያ» ስለተባለ ሕመም ጻፈ፤ ቃሉ የነርቭ ኃይል መሟጠጥ ማለት ሲሆን፣ በቢርድ አስተሳሰብ የሰው አካል የተወሰነ ኃይል የያዘ እንደ ባትሪ ያለ ነገር ነው፤ የእንፋሎት ሞተር፣ ቴሌግራፍና ጋዜጣ ያጣደፉት የከተማ ኑሮ ይህን ኃይል ያደርቀዋል። ስሙ ከሐኪሞች ወደ ነጋዴዎች ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። መለስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሰጣሉ የተባሉ ቀበቶዎች ለደከሙ ወንዶች ተሸጡ፤ «የዶክተር ዊሊያምስ ሮዝ እንክብል ለገረጡ ሰዎች» የተባለው የካናዳ ምርት በብዙ አገሮች ተሠራጨ። በዚህ እንክብል ውስጥ የብረት ማዕድን ስለነበረ ደም ማነስ ያለበትን ሰው በእርግጥ ሊረዳ ይችል ነበር፤ ጥፋቱ ሽባነትን ጭምር አድናለሁ ማለቱ ነው።

እነዚህ ምርቶች በእንግሊዝኛ የፓተንት መድኃኒት ቢባሉም አብዛኞቹ ፓተንት አልነበራቸውም። ፓተንት መንግሥት ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጠው መብት ሲሆን የፈጠራውን ይዘት ለሕዝብ መግለጥን ይጠይቃል፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ ይዘቱን መግለጥ አልፈለጉም። በእንግሊዝ አገር ከ1783 ጀምሮ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ይለጠፍ የነበረው የመንግሥት ቴምብር የግብር ምልክት ብቻ ቢሆንም፣ ገዢው መንግሥት መድኃኒቱን መርምሮ ያጸደቀው አድርጎ ይወስደው ነበር። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር በ1909 «ምሥጢራዊ መድኃኒቶች» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ምርቶች ይዘት በላቦራቶሪ አስመርምሮ ገለጠ። ለሐሞትና ለነርቭ ሕመም ይሸጥ የነበረው፣ ማስታወቂያውም አንዱ ሣጥን 21 ሺሊንግ ያወጣል ይል የነበረው የቢቻም እንክብል፣ ሲመረመር የተገኘበት እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና ነበር። ከ13 ፔኒ በላይ የሚሸጠው የአንድ ሣጥን 56 እንክብል ጥሬ ዕቃው ከአንድ ፔኒ አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ያወጣ ነበርና፣ ገዢው የሚከፍለው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። እሬትና ዝንጅብል ደግሞ ለአዲስ አበባ ገበያተኛ ባዕድ አይደሉም።

የነጋዴው ምሥጢር ግን ብቻውን ይህን ያህል ገበያ አያቆምም ነበር፤ የገዢው እፍረት አግዞታል። አማርኛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል፤ የብርታት ነጋዴ ይህን ምክር ገልብጦ፣ በሽታህን ሳትገልጥ መድኃኒት አገኝልሃለሁ ይላል። የእንግሊዝ ጋዜጦች መድኃኒቱ ምንም ምልክት በሌለው ማሸጊያ በፖስታ እንደሚላክ ያስታውቁ ነበር። እፍረት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በ1898 ለንደን ላይ ታየ፤ ክራይምስ የተባሉ ሦስት ወንድማማቾች ለሴቶች በድብቅ የሸጡትን እንክብል የገዙትን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ስምና አድራሻ ይዘው፣ ገንዘብ ካልላካችሁ እናጋልጣችኋለን የሚል ደብዳቤ ላኩባቸው፣ በዚህም ተከሰው ተፈረደባቸው። ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ከመጋለጥ መክፈልን መርጠዋል።

አዲስ አበባ ከዚህ ዓለም ጋር የተገናኘችው በፋርማሲና በባቡር ነው። ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1910 በከተማዋ ፋርማሲ ከፈተ፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ደግሞ በ1917 ዋና ከተማዋ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ የታሸገ የውጭ ዕቃ የሚገባበት መንገድ ሰፋ። በሕግ በኩል የተደረገው ግን የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ብሪታንያ በ1941 ባወጣችው የፋርማሲና የመድኃኒት ሕግ የድሮውን ቴምብር ሽራ፣ ለሕዝብ የሚሸጥ መድኃኒት ሁሉ ይዘቱ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘች። ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ሐኪሞችን ለመመዝገብ ባወጣችው አዋጅ፣ ሕዝቡ የሚያውቃቸው የአገር ባህል ሐኪሞች የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ እስካልጣሉ ድረስ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀደች። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ይህ ተገቢ ውሳኔ ነበር፤ ለአባቶች ዕውቀትም ክብር ሰጥቷል። ነገር ግን ያ ፈቃድ የታሰበው ጎረቤቱ ለሚያውቀው፣ ቢያጠፋ ለሚጠየቀው የሠፈር አዋቂ ሲሆን፣ በሰባና በሰማንያ ዓመት ውስጥ የከተማው መልክ ተለወጠ። በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባህል ሕክምናን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ቢቋቋምም፣ ዕውቀቱን መርምሮ ለይቶ መመዝገቡ ከንግዱ ፍጥነት ጋር አልተራመደም።

የጄት አውሮፕላን ለመቀበል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተገነባው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያውን የነበረውን የገበሬ መሬት ቀስ በቀስ ወደ ከተማነት ሲለውጠው፣ ከተለያየ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ነዋሪ ሠፈረበት። ለማይተዋወቅ ሕዝብ አዋቂውን የሚያስተዋውቀው ጎረቤት ሳይሆን ሰሌዳና ስልክ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲልደናፊል የተባለው፣ በንግድ ስሙ ቪያግራ የሚታወቀው መድኃኒት በአሜሪካ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ገበያው አዲስ አደጋ ያዘ፤ በብዙ አገሮች «ከዕፅ ብቻ የተሠራ» ተብለው የተሸጡ የብርታት ዱቄቶችና እንክብሎች ሲመረመሩ ያልተገለጠ ሲልደናፊል ተገኝቶባቸዋል። ሲልደናፊል ናይትሬት ከተባሉት የልብ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የደም ግፊትን በድንገት አውርዶ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ በዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ የልብ ታማሚ፣ ለሐኪሙ የሚናገረው ነገር እንኳ የለውም። በተጨማሪም የወሲብ ድካም የስኳር በሽታ ወይም የደም ሥር ጥበት የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ በድብቅ የተገዛ ዱቄት ዋናውን በሽታ ሸፍኖ ያቆየዋል።

በኢትዮጵያ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥን መድኃኒት ለሕዝብ ማስተዋወቅ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ተከልክሏል። ገዢው የሚገዛውን ማወቁ ግን እንደሚገዛበት ቦታ ይለያያል። ወደ ሾላ ገበያ የሚዘልቅ ሰው አሁንም ጤና አዳሙንና ዳማከሴውን በእጁ ዳስሶ፣ አሽትቶ፣ ስሙን ጠይቆ ይገዛል። ሰሌዳው ብርታት የሚልበት ቤት የገባው ደግሞ ስሙ ያልተጻፈበት ዱቄት በብልቃጥ ተሰጥቶት፣ ጥዋት በባዶ ሆዱ በማር እንዲወስደው ተነግሮት ይወጣል።