«ኮሌሬ»፦ የአንድ የላቲን ግሥ እርባታና ታሪክ

የላቲን ተማሪ ይህን ግሥ ሲያረባ አራት ቃሎችን በቃሉ ይይዛል፤ ኮሎ፣ ኮሌሬ፣ ኮሉዊ፣ ኩልቱም። የመጀመሪያው «አርሳለሁ»፣ ሁለተኛው «ማረስ»፣ ሦስተኛው «አረስሁ» ማለት ሲሆን፣ ከአራተኛው ብዙ ስሞች ይወለዳሉ። የግሡ ፍቺ ግን በማረስ አያበቃም። በአንድ ስፍራ መኖርን፣ አማልክትን ማምለክን፣ ወዳጅን ማክበርንም ያጠቃልላል።

በ2ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ካቶ ስለ እርሻ የጻፈው መጽሐፍ «ኩልቱራ» የሚለውን ስም በአርእስቱ ይዟል። ካቶ የሚናገረው ስለ ወይንና ስለ ወይራ ነው፤ ያረጀ በሬና ያረጀ ባሪያ እንዲሸጡም በአንድ ትንፋሽ ይመክራል። ይህንኑ የእርሻ ቃል ወደ አእምሮ ያሻገረው ሲሴሮ ነው። በ45 ቅድመ ክርስቶስ በጻፈው ድርሰት፣ ለም መሬት ካልታረሰ እንደማያፈራ ሁሉ አእምሮም ያለ ትምህርት መካን እንደሚሆን አመለከተ። አውሮጳውያን ዛሬ ለባህል የሚሰጡት ስም የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የኛው «ባህል» ግን ከማረስ ሳይሆን «ብህለ»፣ ማለትም «አለ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ነው።

ከዚያው ከላቲኑ ግሥ «ኮሎኑስ»፣ ገበሬ፣ እና «ኮሎኒያ»፣ ሰፈራ፣ ወጡ። በ49 ዓ.ም. (እዚህ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) ሮማውያን በብሪታንያ፣ በካሙሎዱኑም፣ ጡረተኛ ወታደሮቻቸውን አሰፈሩ። ሰፋሪዎቹ የትሪኖቫንቴስን ሕዝብ ከቤቱና ከማሳው አባረሩ። ለንጉሠ ነገሥት ክላውዲዎስም ቤተ መቅደስ ታነጸ። የግሡ ፍቺዎች፣ ማረስም መኖርም ማምለክም፣ በአንዲት ከተማ ተሟሉ፤ ሦስቱም በባለ አገሩ ላይ ነበሩ። ከ11 ዓመት ገደማ በኋላ በቡዲካ መሪነት የተነሣው ሕዝብ ከተማዋን ከነቤተ መቅደሷ አቃጠላት።

ሮማዊው አራሽም ቢሆን አልተረፈም። በ332 ዓ.ም. የወጣው የቆስጠንጢኖስ ሕግ የሸሸ ኮሎኑስ ወደ ጌታው መሬት እንዲመለስ፣ ለመሸሽ ያሰበም እንደ ባሪያ በሰንሰለት እንዲታሰር አዘዘ። ከአንድ ሥር «ገበሬ»ንም «ገባር»ንም ላስገኘ ቋንቋ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1890 ጣሊያን በቀይ ባሕር ዳር የያዘችውን ምድር «ኮሎኒያ ኤሪትሬያ» ብላ ሰየመች። ስሙ በወረቀት አልቀረም፤ ለጣሊያን ገበሬዎች መስፈሪያ እየተባለ የደጋው እርሻ ከባለርስቱ ይነጠቅ ጀመር። በ1894 መጨረሻ በአካለ ጉዛይ ያመፁት ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ካነሡት ጥያቄ ዋነኛው ይኸው መሬት ነበር፤ በሐላይ ሲዋጉ ወደቁ።