ጃቲማቲክ፦ በንድፉ ትኩረት ስቦ ገዢ ያጣው የፊንላንድ መሣሪያ

ጃቲማቲክ በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ መጀመሪያ ፊንላንድ ውስጥ የተሠራ ንዑስ መትረየስ፣ ማለትም የሽጉጥ ጥይት የሚተኩስ አነስተኛ አውቶማቲክ መሣሪያ ነው። ስያሜው የመጣው ከሠሪው ጃሊ ቲማሪ ስም ነው። በታምፔሬ ከተማ የነበረው አምራች ድርጅት 400 ያህል ብቻ ሠርቶ ምርቱን አቋርጧል።

ፊንላንድ ለዘርፉ እንግዳ አልነበረችም። አይሞ ላህቲ የነደፈው «ሱዎሚ» ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገው የ1939 እና 1940 የክረምት ጦርነት ስመ ጥር ሆኗል። ቲማሪ ግን አዲስ መንገድ መረጠ።

በጃቲማቲክ ውስጥ ጥይቱን የሚያጎርሰው መዝጊያ ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ብሎ ሳይሆን በመጠኑ ወደ ላይ አጋድሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህም የተኳሹ እጅ ከአፈሙዙ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ስለሚያርፍ፣ በተከታታይ ተኩስ ወቅት አፈሙዙ ወደ ላይ የመነሳት ዝንባሌው ይቀንሳል። ከፊት ያለው ተጣጣፊ መያዣ መሣሪያውን ለማቀባበልም ሆነ ለመቆለፍ ያገለግላል። ቃታው በጥቂቱ ሲሳብ አንድ ጥይት፣ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ደግሞ ተከታታይ ጥይት ይተኩሳል። ርዝመቱ 37.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 1.65 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ቅለቱ ግን ዋጋ አስከፍሎታል። ትከሻ ላይ የሚያርፍ ሰደፍ ስለሌለው ራቅ ያለ ዒላማን በትክክል መምታት ያስቸግራል።

ሌላው እንቅፋት ገበያው ነበር። በካምፓላው ኦዊኖ ገበያ ኡጋንዳውያን «ሚቩምባ» የሚሉትን ልባሽ ልብስ አንዱ ገዢ ቢያልፈው ሌላው ያነሳዋል። የጦር መሣሪያ ዋነኛ ገዢዎች ግን መንግሥታት ናቸው፤ እነሱም መለዋወጫው፣ ሥልጠናውና አቅርቦቱ ለዓመታት እንደሚዘልቅ መተማመኛ ይሻሉ። በወቅቱ በኢትዮጵያም ስሙ የታወቀው የእስራኤሉ ኡዚና የጀርመኑ ኤምፒ5 ይህን አመኔታ አስቀድመው አግኝተው ነበር። ጃቲማቲክ የየትኛውም አገር ሠራዊት መደበኛ ትጥቅ ሳይሆን ቀረ።

ዝናን ያገኘው በፊልም ነው። ሲልቨስተር ስታሎን በ1986 በወጣው «ኮብራ» ፊልም ይዞት ታይቷል። በ1995 ጂጂ-95 በሚል ስያሜ ዳግም ለገበያ ቢቀርብም፣ ሰፊ ገበያ አላገኘም። አዲስ የንድፍ ሐሳብ የተመልካችን ዓይን ስቦለታል፤ የሠራዊቶችን ውል ግን አላስገኘለትም።