በሕንፃ ንድፍ ምስሎች ላይ የሚታይ ጥላና የአምደወርቅ ፀሐይ

ለመንግሥት ሕንፃዎች ግንባታ ከሚቀርቡ የንድፍ ሰነዶች መካከል በኮምፒውተር የተሠራን ሕንፃ ከቦታው ፎቶግራፍ ጋር ያዋሐደ ምስል ይገኝበታል። የምስሉ ተአማኒነት በአመዛኙ የሚወሰነው ሕንፃው በመሬቱ ላይ በሚጥለው ጥላ ነው።

ሥራው የሚጀመረው በፎቶግራፉ ላይ ከሚታይ የምሰሶ ወይም የዛፍ ጥላ በመነሣት የፀሐይን አቅጣጫ በመለየት ነው። ቀጥሎም የመሬቱን ተዳፋት የተከተለ፣ ራሱ የማይታይና ጥላ ብቻ የሚቀበል ገጽ ይዘረጋል፤ ብሌንደር በተሰኘው ነጻ ሶፍትዌር «ሻዶው ካቸር» የሚባለው ይኸው ነው። ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን ጥላን ስለሚያሳሳው ድፍን ጥቁር ሊሆን አይገባም።

የጥላ አቅጣጫ እንደየቦታው ይለያያል። የዋግ ኽምራዋ የዳህና ወረዳ ዋና ከተማ አምደወርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት 10 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ታኅሣሥ 12 ቀን በእኩለ ቀን በደልዳላ መሬት ላይ 7 ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ ሰኔ 14 ቀን ግን ጥላው ወደ 2 ሜትር አጥሮ ወደ ደቡብ ይዞራል። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትውል ጥላው ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

በአንጻሩ በአውሮፓ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ያርፋል። ስለሆነም የሶፍትዌሩ ኬክሮስ፣ ቀንና ሰዓት ለቦታው ካልተስተካከሉ፣ በሕንፃው ሰሜናዊ ወገን የሚሠራ የተገልጋዮች ማረፊያ በሰኔ ወር ለፀሐይ የተጋለጠ መሆኑን ምስሉ ይሸፍናል። ንድፍ የሚገመግሙ አካላት ምስሉ የተዘጋጀበት ቀንና ሰዓት በሰነዱ ላይ መስፈሩን አስቀድመው ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።