የምንመገበው ቅባት፣ የሰውነታችን መከላከያና ካንሰር

በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ ቆሮሶ በዘይት ተጠብሶ ይቀርባል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሳምቡሳ ከኢፍጣር ማዕዳችን አይጠፋም። ለመሆኑ የምንጠብስበት ዘይት በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል? ዛሬ ይህንኑ እንመለከታለን።

የቅባቱ ዓይነት

ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሞችን ከመዋጋት ባሻገር ወደ ካንሰር የሚያመሩ ሕዋሳትን እየለዩ ያጠፋሉ። የሽፋናቸው ዋና ክፍል ቅባት ሲሆን ዓይነቱ እንደ አመጋገባችን ይለያያል። ከኦሜጋ 6 የሚሠሩ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ብግነትን ያነሣሣሉ፤ ከኦሜጋ 3 የሚሠሩት ያበርዱታል። ብግነት ቁስል እንዲድን ያስፈልጋል፤ ለዓመታት ሳይበርድ ሲቀር ግን ለዕጢ እድገት ያመቻል።

የቅባቱ መጠን

የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ከመጠን ያለፈ ውፍረትን የጡትና የአንጀት ካንሰርን ጨምሮ ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር አያይዞታል። በ2020 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ቅባት የበዛበት ምግብ በልተው በወፈሩ አይጦች ላይ የካንሰር ሕዋሳት ቅባቱን ሲሻሙ፣ በዕጢው ውስጥ ያሉት ተከላካይ ሕዋሳት ጉልበት እንደሚያጡ አሳይተዋል። የአይጥ ጥናት ግን እንዳለ ለሰው አይወሰድም።

በማዕዳችን ያለው

• የኑግ ዘይት 70 በመቶ ገደማው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ ኦሜጋ 6 ነው። ሰውነት ራሱ ስለማይሠራው ያስፈልገናል፤ ኦሜጋ 3 ግን የለውም ማለት ይቻላል።
• ከተልባ ቅባት ከግማሽ በላዩ ኦሜጋ 3 ነው። ተልባ በጥብጦ መጠጣት ይህን ጉድለት ይሞላል።
• የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ፣ ቅቤ ደግሞ ከግማሽ በላዩ የሚረጋ ቅባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ቅባት ከዕለት ኃይላችን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል።
• ቆሮሶ በራሱ ቅባቱ ጥቂት ነው፤ ዘይቱን የሚያመጣው ጥብሱ ነው። በወጥ ወይም በቅቅል መብላት ይሻላል። ደጋግሞ የፈላ ዘይትም ይደፋ።

ማሳሰቢያ

የጥቁር አዝሙድ ዘይትን ጨምሮ የትኛውም ቅባት የካንሰር ሕክምናን አይተካም። መታከም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን ነው። ስለዚህ እብጠት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ወይም መድማት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ፈለገ ሕይወት፣ ወደ ጥበበ ግዮን ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።